ለጥጃዋ ወተት ብቻ አይበቃትም
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



የሰቃ ገበሬ የዓመቱን ትልቅ ገንዘብ የሚያገኘው ከቡና ነው። የቡናው ገንዘብ ሲያልቅ ግን ጨውና ሳሙና፣ የልጆች ደብተርም የሚገዛው ከወተትና ከቅቤ ነው። የነገዋ ላም ደግሞ የዛሬዋ ጥጃ ናት።

ጥጃ ስትወለድ ጨጓራዋ አራት ክፍል ቢኖረውም ሣር የሚያብላላው ትልቁ ክፍል ገና ሥራ አልጀመረም። የምትጠባው ወተት እሱን አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ይገባል። በወተት ብቻ የቆየች ጥጃ ጡት ስትተው ሣሩን ብትበላውም በሚገባ አይብላላላትም፤ ትከሳለች፣ እድገቷም ይጓተታል።

ትልቁን ጨጓራ ለሥራ የሚያነቃው ኃይል ሰጪ ምግብ፣ በሙያው አጠራር ካርቦሃይድሬት ነው። ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ እንደሚብላላ ሁሉ፣ በቆሎና ፉርሽካም በጨጓራው ውስጥ በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን ይብላላሉ። ከዚህ የሚገኙት አሲዶች በጨጓራው የውስጥ ግድግዳ ላይ ምግብ የሚመጡ፣ ጣት የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮችን ያበቅላሉ። ድርቆሽ የጨጓራውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ጣቶቹን በማብቀል ግን እህልን አይተካም።

ስለዚህ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ የተፈረከሰ በቆሎ፣ ፉርሽካና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ደባልቃችሁ በእፍኝ አስለምዷት፤ ቀስ በቀስም ጨምሩላት። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተሰጣት አሲዱ በዝቶ ያሳምማታል። ንጹሕ ውኃ ከአጠገቧ አይጥፋ፤ ተሕዋስያኑ ያለ ውኃ አይሠሩም። የሻገተ መኖ አትስጡ። የቡና ገለባም ካፌይንና ታኒን ስላለው ለጥጃ አይሆንም። ዲቃላ ጥጃ ለ3 ተከታታይ ቀናት በቀን 1 ኪሎ ያህል መኖ ከበላች ወተት ማስተው ይቻላል።

“በነሐሴ ለሰው ያልበቃ በቆሎ እንዴት ለጥጃ ይሰጣል?” የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያ ወቅት በቆሎውን ቀንሶ ፉርሽካውን ማብዛት ይቻላል። ችግሩ ፉርሽካና ፋጉሎ በቅርብ አለመገኘቱ ነው። እንግዲህ ለዩኒየናችን አመራር አንድ ሐሳብ ላቅርብ፤ ቡናችንን ጭኖ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ሲመለስ ፉርሽካና ፋጉሎ ጭኖ ቢመጣና በመሠረታዊ ማኅበራቱ በኩል ለአባላት ቢከፋፈል፣ በየቤታችን ያለችው ጥጃ ጊዜዋን ጠብቃ ላም ትሆናለች።