ከመሳደብ በፊት ገበታውን መመርመር



ወፍራም ጓደኛን «ሆዳም» ብሎ ማፌዝ ለብዙዎቻችን ቀላል ነው። እኔም አፊዤ አውቃለሁ። ይህ ፍርድ ትክክል መሆን አለመሆኑን የአንድ ሙከራ ታሪክ ያስረዳናል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በኒውዮርክ የብሩክሊን ኮሌጅ መምህር አንቶኒ ስክላፋኒና ባልደረባቸው የአይጦችን ሙከራ አሳተሙ። ለአንዱ ወገን የተለመደውን ደረቅ መኖ ብቻ ሰጡ። ለሌላው ግን ከመኖው ጋር ብስኩት፣ ቸኮላት፣ ፎርማጆ፣ ሳላሚ፣ ሙዝና የለውዝ ቅቤ አቀረቡ። ሁለቱም ወገኖች ያሻቸውን ያህል ይበሉ ነበር። መኖ ብቻ የቀረበላቸው ሲጠግቡ ተዉት፤ ልዩ ልዩ ምግብ ያገኙት ግን በሁለት ወር ውስጥ እጅግ ወፈሩ።

ሰውነት ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በ1979 ዓ.ም. ናንሲ ሮትዌልና ማይክል ስቶክ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እንዲህ የሚመገቡ አይጦች ከትርፉ ኃይል ከፊሉን «ቡናማ ስብ» በሚባለው የአካል ክፍል አቃጥለው ወደ ሙቀት እንደሚለውጡት ገለጹ። ሆኖም ወጪው ከገቢው ካነሰ ቀሪው ስብ ሆኖ ይከማቻል።

እንግዲህ ልብ በሉ! ሁሉም አይጦች ነበሩ፤ የተለየው የቀረበላቸው ማዕድ ነው። ሰው ከአይጥ ይልቅ አእምሮ ስላለው መምረጥ ይችላል። ነገር ግን ልጅ የሚመርጠው ከቀረበለት ነው። ስለዚህ ልጁን ከመስደባችን በፊት ገበታውን እንመርምር። እኔም ያን ቃል ዳግመኛ አልናገረውም።