በነፃ የተሰጠውን በዋጋ የሚሸጡ

(በጎግ ወረዳ ለሚገኙ አጥቢያዎች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በፑኝዶ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንናገረው ስለ ውኃ ጉድጓድ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም። ከድኻው መቀነት ገንዘብ እየፈታ ስላለ፣ ነገር ግን እጁ ስለማይታይ ሌባ ነው።

ባለፈው የክትትል ጉዟችን ዓሣ በመቸርቸር ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት አነጋግረን ነበር። የፋይዳ መታወቂያ እንደሚያስፈልጋት በሰማች ጊዜ አንድ የጎረቤት ወጣት በስልኩ ፈልጎ «የመንግሥት መመዝገቢያ» የሚል ገጽ አገኘላት። ገጹ ሰንደቅ ዓላማና ማኅተም የሚመስል ምልክት ነበረበት። 600 ብር በስልክ አስላከች፤ የቀበሌ መታወቂያዋንም ፎቶ አስነሥታ ላከች። ወር ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም። ብትጠይቅ «ለማፋጠን» ሌላ 300 ብር ጨምሪ ተባለች። ወጣቱ ሌባ አልነበረም፤ እርሱም እንደ እርሷ ተታልሏል። እኛን ይበልጥ ያሳዘነን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ወር ሁሉ ይህች እናት እሑድ እሑድ ታስቀድስ ነበር፤ ምዝገባው በነፃ መሆኑን ግን ከመካከላችን የነገራት አንድ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ እውነቱን በግልጽ እናስቀምጥ። የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲሆን፣ ለፋይዳ መመዝገብ ክፍያ የለውም። ተመዝጋቢው በአካል ቀርቦ የአሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖቹን ብሌን ምስልና የፊቱን ፎቶግራፍ ይሰጣል፤ ከዚያም 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። ጣትና ዓይን በስልክ ገጽ አይላኩም። ስለዚህ «ገንዘብ ላክ፤ ካለህበት ሳትንቀሳቀስ እናስመዘግብሃለን» የሚል ሁሉ፣ ገጹ ምንም ያህል ቢያምር፣ የሌለውን እየሸጠ ነው።

ይሁን እንጂ በሰው ላይ በስሕተት እንዳንፈርድ ልዩነቱን እንወቅ። የታተመ ካርድ በእጁ መያዝ የሚፈልግ ሰው የኅትመት ዋጋ ይከፍላል፤ ይህ የተፈቀደ ነው። በከተማ ቅጽ የሚሞላ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ ባለሱቅም ለድካሙ ተመጣጣኝ ዋጋ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው የራስን አገልግሎት የመንግሥት ክፍያ አስመስሎ በመጠየቅ ላይ ነው።

ይህ ማታለል የሚያድገው ችግር ባለበት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳን ግዴታ ሲያደርግ፣ መታወቂያው በሌሎች አካባቢዎችም ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ጋምቤላ ከተማ ደርሶ ለመመለስ የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የባከነ የሥራ ቀን ዋጋ አለ። ለእንዲህ ያለ ሰው 600 ብር ከፍሎ ከቤቱ ሳይወጣ መገላገል ትርፍ ይመስለዋል። በአካባቢያችን ያሉ ስደተኞች ደግሞ ከዚህ የባሰ ፈተና አለባቸው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ምዝገባውም ሆነ በሦስተኛ አገር የማስፈር አገልግሎቱ በነፃ መሆኑን ደጋግሞ ቢያሳውቅም፣ «ስምህን ዝርዝር ውስጥ አስገባለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የፓስፖርትና የመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቶችን የሚመስሉ ገጾች ከፍተው ከ37 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሰበሰቡ ስድስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈርዶባቸዋል። የተማረውና መብራት የማይጠፋበት ሕዝብ እንዲህ ከተታለለ፣ የእኛ ምእመን ቢታለል ሊያፍር አይገባም።

አባቶቻችን ሆይ፤ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 የተጻፈውን ታሪክ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ በነፃ ተፈወሰ፤ ኤልሳዕም ያመጣለትን እጅ መንሻ አልቀበልም አለ። ግያዝ ግን ከኋላው ሮጦ በጌታው ስም ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ። ንዕማን የሰጠው ተገድዶ ሳይሆን ነቢዩ የላከበት መስሎት በደስታ ነው። የዛሬዎቹም ገጾች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ባለቤቱ ያልጠየቀውን ዋጋ በባለቤቱ ስም ይቀበላሉ።

ነገር ግን ግያዝ ከሩቅ የመጣ ወንበዴ አልነበረም፤ የነቢዩ የቤቱ ሎሌ ነበር። ስለዚህ አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ። በነፃ የተላከን የእርዳታ እህል ለማስመዝገብ «የሻይ» የተቀበለ ከእኛ መካከል የለምን? ለድኻ የድጋፍ ደብዳቤ ስንጽፍ ያልተደነገገ ገንዘብ አልጠየቅንምን? ደጃችንን ሳንጠርግ ስለ ሌላው ብናስተምር ቃላችን ክብደት አይኖረውም። የኮሚሽናችን እርዳታም በነፃ ነው፤ በስማችን ገንዘብ የሚጠይቅ ቢኖር ለእኛ ንገሩን።

ከዚህ ተነሥተን አምስት ነገሮችን በትሕትና እናሳስባለን።

1ኛ. ለሦስት ተከታታይ እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ «የፋይዳ ምዝገባ በነፃ ነው» ተብሎ ይነገር። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአኙዋክኛም ይነገር፤ ያልገባው ሰው አልሰማምና።

2ኛ. በየአጥቢያው ከሰንበት ትምህርት ቤት ሁለት ወጣቶች ተመርጠው አጠራጣሪ ገጽ ለሚያሳያቸው ሰው ይመርምሩለት። የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻ በአብዛኛው የሚያበቃው «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» በሚለው ነው። አታላዮች ይህን በመካከል ሊሰነቅሩት ስለሚችሉ የአድራሻው መጨረሻ ይታይ።

3ኛ. ሰበካ ጉባኤው ተንቀሳቃሽ መዝጋቢ ቡድን እንዲመጣ ለወረዳው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ለዚህም የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ያቅርብ። ማስረጃ የሌለው ሰው አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው ሲመሰክርለት ሊመዘገብ ስለሚችል፣ ካህናትና ሽማግሌዎች ቀድመው ይመዝገቡ።

4ኛ. የመታወቂያ ፎቶና በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማያውቁት ሰው እንዳይሰጥ ይመከር። የሄደ ገንዘብ ተሠርቶ ይተካል፤ በሌላ እጅ የገባ ማንነት ግን በባለቤቱ ስም ዕዳ ሊያመጣ ይችላል።

5ኛ. የተታለለ ሰው የገንዘብ መላኪያውን መልእክት ሳያጠፋ ወደ ፖሊስ ይሂድ፤ ከሰበካ ጉባኤውም አንድ ሰው አብሮት ይሂድ። በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ያችን እናት ስንሰናበታት «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ለቀሩት እናቶች የምንናገረው አለን፤ ለመናገርም የሚያስፈልገን ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።