ስለ ድረ ገጻችን በር ጠባቂ



የትምህርት ቤታችንን ድረ ገጽ፥ ራስሙስ ሌርዶርፍ በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባቀረበው በፒኤችፒ ስንጽፍ፥ ለእያንዳንዱ ገጽ ሙሉ ፋይል አበጀን። በገጾቹ አናት ላይ የተሳሳተችውን አንዲት ፊደል ለማረም ዐሥራ ሁለት ፋይል ከፈትን፤ አንዱንም ረሳን።

ስለዚህ ኢንዴክስ የተባለውን ፋይል በር ጠባቂ አድርገን ሾምነው። ጥያቄውን ሁሉ እርሱ ተቀብሎ፥ መረጃውን አሰናድቶ፥ ቴምፕሌት ለተባለው የኤችቲኤምኤል ቅርጽ ያስረክባል። የቴምፕሌቱ ተግባር ማሳየት ብቻ ነው።

ዳሩ ግን ጠባቂያችን የዋህ ኖሮ፥ እንግዳ የጻፈለትን የፋይል ስም ሳይመረምር ይከፍት ነበር። አንድ ጓደኛችን በአድራሻው ላይ ወደ ላይኛው ፎልደር የሚያወጣ ምልክት ጨምሮ የሁላችንን የማርክ ፋይል አወጣ። ደነገጥን፤ ማርኩም የሚያኮራ አልነበረም! አሁን የተፈቀዱት ገጾች በዝርዝር ተጽፈዋል፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሚጠይቀውን ጠባቂው «404» ብሎ ይመልሰዋል።