ጎሚኒውና የተሸከምነው አማና
(ለማኅበሩ ሹፌሮች፣ ለለጋሾችና ለቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ዛሬ የምንነጋገርበት ርዕስ ከመምህር የማይጠበቅ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ስለ መኪና ጎሚኒ ነውና። ይሁን እንጂ ከጣርማበር ተነስቶ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ግሼ ራቤል የተጓዘ፣ ወይም ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ ሲያቀና የጀማን ሸለቆ ቁልቁለት የወረደ ሰው ነገሩን አያቃልለውም። ለየቲሞች የሚደርሰውን እህልና ልብስ የሚያደርስልን ላንድክሩዘር የለጋሾች አማና ነው፤ ሹፌሩም የልጆች አባት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወራት ጭነን በጓሳ ብርድ ውስጥ ስንጓዝ፣ መኪናው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ከፊት በኩል የብረት ድምፅ እንሰማ ጀመር። ፍሬን ሲያዝም ወደ አንድ ጎን ይስብ ነበር። ሹፌራችን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አቁሞ ከሥር ቢመለከት፣ የባሌስትራው ጎሚኒ አብጦና ለስልሶ ከቦታው ሊወጣ ደርሷል። ጥፋቱ የእኛው ነበር፤ መኪናው ንጹሕ ይሁን ብለን ሥሩን በናፍታ ስናሳጥብ ኖረናል። ጭነቱን በሌላ መኪና ልከን ባዶውን ቀስ ብለን ተመለስን። ያ ሰው ባይቆም ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ዛሬም ስናስበው ያስደነግጠናል።

ጎሚኒ በባሌስትራው ዓይን፣ በአሞርዛተሩ ጫፎችና በመሳሰሉት መጋጠሚያዎች ይገባል። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ያደርጋል፣ ንዝረትን ይውጣል፣ እግሮቹም መስመራቸውን ይዘው እንዲሄዱ ይረዳል። አሜሪካዊው ቻርለስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት ማብሰልን ካገኘ ወዲህ ጎማ ሙቀትንና ብርድን የሚችል ሆኗል። የተፈጥሮ ጎማ ግን ናፍታና ዘይት ሲነካው ዛሬም ያብጣል፣ ይላላል። የደጋው ብርቱ ፀሐይም እያደር ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል።

በመሆኑም የሚከተሉትን አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ ጎሚኒ የሚታጠበው በውሃ፣ በለስላሳ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ነው። ጭቃና አሸዋ ተጣብቆ ከቆየ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ናፍታ፣ ቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ፈጽሞ አይንኩት። ከላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ካለ አስቀድሞ ይጠገን።

ሁለተኛ፣ ግራሶ የሚሰጠው መቀበያ ላለው የብረት ቦኮላ ነው። ጎማው ሲጮህ የሲሊኮን ቅባት እንጂ ግራሶ አይቀባም።

ሦስተኛ፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ ስንጥቅ፣ እብጠት ወይም ከመሐል መሸሽ መኖሩ ይታይ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለት።

አራተኛ፣ አዲስ ጎሚኒ ሲገባ ግራና ቀኙ አብሮ ይለወጥ። ከብረት ጋር የተጣበቀ ጎሚኒ ከሆነ ብሎኑ የመጨረሻውን ጥብቀት የሚያገኘው መኪናው ወርዶ በአራት እግሩ ከቆመ በኋላ ነው። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ ሲወርድ ጎማው እንደተጠመዘዘ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል።

ውድ ለጋሾች፣ ለእህል መስጠት ለልብ ቀላል ነው፤ ለጎሚኒ ስጡ ስንባል ግን እጃችን ይዘገያል። እህሉ ግን ያለ መኪናው ራቤል አይደርስም። በአላህ መመካትም ሰበብን ከማድረስ አያግድም። ስለዚህ ለጥገና የምትሰጡትን ከሰደቃችሁ ውጭ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን።