ትንሿ ውጅግራ
ስለ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ አምሳያዎች ማራኪነትና ጉድለት በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ከቦንጋ ብዙ ሳይርቅ በሚገኘው በማንኪራ የቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ማንኪራ የቡና መገኛ ተብሎ በሚነገርለት በካፋ ምድር ስሙ የታወቀ ስፍራ በመሆኑ እንግዳ ይጎበኘዋል፤ ለእንግዳም የእጅ ሥራ ይቀርባል። ከቀረበልን መካከል አንድ ወጣት ባለሙያ እንጨትና ብረት አዋድዶ የሠራት ትንሽ ውጅግራ ነበረች። መዝጊያዋ ይከፈታል፤ ቃታዋ ይሳባል፤ ነገር ግን አትተኩስም። ወጣቱ መሐንዲስ መሆኔን በሰማ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ብትተኩስ ኖሮ ዋጋዋ እጥፍ ይሆን ነበር፤ አፈሙዟን ከምን ልሥራው?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ዛሬ ምክንያቱን ዘርዝሬ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ማራኪነቱን አንካድ። ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ሲሆን፣ መሣሪያው በሻምበል ባዚል ግራ ተነድፎ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው። ርዝመቱ 1.30 ሜትር፣ ክብደቱም 4.2 ኪሎግራም ያህል ነው። ጥይት የሚጎርሰው አንድ በአንድ ነው፤ መዝጊያው ወደ ኋላ ሲሳብ ባዶውን ቀለህ ጎትቶ ያወጣል፣ ወደ ፊት ተገፍቶ ሲጠመዘዝ ይቆልፋል። ከዚህ ያነሰ ክፍል ይዞ ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተኳሹም አንድ ጥይት ብቻ መኖሩን ስለሚያውቅ አስቦ ይተኩሳል። ይህ ጠመንጃ ሲያንስ ደግሞ ለእጅ ይቀላል፤ ለዓይንም ያምራል። በኢጣሊያ በብሬሻ አካባቢ ያሉ ፋብሪካዎች የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃዎች እንደገና እየሠሩ የሚሸጡት፣ አንዳንዶቹንም መጠናቸውን ቀንሰው የሚያቀርቡት፣ ይህን ፍቅር ስለሚያውቁ ነው።

ይሁን እንጂ ማሳነስ ማለት ሁሉን ነገር በእኩል ማካፈል ብቻ አይደለም። የውጅግራን ልክ በየአቅጣጫው በ20 በመቶ ብንቀንስ ርዝመቱ ወደ 1.04 ሜትር ይወርዳል። ክብደቱ ግን በሦስቱም አቅጣጫ ስለሚቀንስ ከ4.2 ወደ 2.15 ኪሎግራም፣ ማለትም ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ጥይቱ ያው የቀድሞው ከሆነ፣ 25 ግራም እርሳስ በሰከንድ 450 ሜትር ሲወነጨፍ፣ የባሩዱን ጋዝ ሳንቆጥር እንኳ ትልቁ ጠመንጃ በሰከንድ 2.7 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይመታል፤ ትንሹ ግን በ5.2 ሜትር። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጉልበትም እጥፍ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ለልጅና ለአቅመ ደካማ ይመቻል የተባለው መሣሪያ በተለይ እነርሱን የሚጎዳ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የብረቱ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የጥይት ማጉረሻው ውስጣዊ ስፋት 16፣ ውጫዊው 32 ሚሊሜትር ቢሆን የግድግዳው ውፍረት 8 ሚሊሜትር ነው። ውጫዊው ልክ በ20 በመቶ ቀንሶ ጥይቱ ካልተለወጠ ግድግዳው 4.8 ሚሊሜትር ብቻ ይቀረዋል፤ በውስጠኛው ገጽ ላይ ያለው ውጥረትም በ37 በመቶ ያህል ይጨምራል። ወጣቱ ያሰበው የውሃ ቧንቧ ነበር። የውሃ ቧንቧ የሚሸከመው ግፊት በአሥሮች ባር የሚቆጠር ሲሆን፣ የጥቁር ባሩድ ግፊት ግን ከሺህ ባር ይበልጣል። እንዲህ ያለው አፈሙዝ የሚፈነዳው ከተኳሹ ፊት ሥር ነው።

ንግግሬ በዚህ ቢያበቃ ነገሩ የቁጥር ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን አምሳያው የቀረበበት ስፍራ ካፋ ነው። ውጅግራ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ፣ በኋላም በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት፣ አገር የተጠበቀበት መሣሪያ ነው። ሆኖም ከዐድዋ ዓመት ተመንፈቅ በኋላ፣ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው ጦር የካፋን መንግሥት ሲያስገብርና የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረክ፣ ልዩነት ካመጡት ነገሮች አንዱ የጠመንጃ ብልጫ ነበር። በአንዱ ቤት የጀግንነት ቅርስ የሆነው ዕቃ በሌላው ቤት የሐዘን ማስታወሻ ሊሆን ይችላል። አምሳያ ሠሪ ይህን ሁለቱንም ማወቅ ይገባዋል።

የዛሬውንም ኑሮ አንርሳ። የምትተኩስ አምሳያ፣ ቁመቷ ቢያጥርም፣ ጠመንጃ ናት፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትን ይከለክላል። የማትተኩሰዋም ብትሆን እውነተኛ ከመሰለች በፍተሻ ኬላ ላይ በተሸካሚዋ ላይ አደጋ ታመጣለች። ጠባቂው ከሩቅ የሚያየው መልኳን እንጂ የአፈሙዟን ድፍንነት አይደለም።

ስለዚህ ለወጣቱ የሰጠሁት መልስ፣ «አፈሙዟ ድፍን ብረት ይሁን» የሚል ነበር። እርሱም፣ «ታዲያ ዋጋዋ በምን ይጨምር?» አለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱም «በልኳ» የሚል ነው። የወጣቱ ሥራ በእጅ ጥበብ የተደነቀ ቢሆንም በዓይን ግምት የተሠራ ነበር፤ መዝጊያዋ ከሰደፏ ጋር ሲነጻጸር ይገዝፍ ነበር። አንድ እውነተኛ ውጅግራ ተለክቶ፣ ሩብ ልክ ያለው ንድፍ ተዘጋጅቶ ቢሰጠው፣ ማንም በሩቅ አይቶ ከእውነተኛው የማያሳስታት፣ መዝጊያዋ ግን በትክክል የሚሠራ፣ ታሪኳም ከነሁለት ገጽታው በአጭር ጽሑፍ የተያያዘላት አምሳያ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ንድፍ ለማዘጋጀት እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ከእናንተም መካከል የሚያግዘኝ እንደማይጠፋ አምናለሁ።

የእጅ ባለሙያ ምክር ሲጠይቀን «አይሆንም» ብሎ መመለስ ለመሐንዲስ ቀላል ነው። የሚሆነውን ሠርቶ ማሳየት ግን ሙያችን የሚጠይቀው ግዴታ ነው።