አጥሩን የሚጠብቁ ፕሮቲኖች



ከቡሬ ወደ እንጅባራ የሚጓዝ መንገደኛ ጥሊሊን ሲያልፍ ግራ ቀኙን ቢመለከት በቀርቀሃ የታጠረ ግቢ አያጣም። የዚህ አጥር ጥንካሬ በአንዱ ዘንግ ሳይሆን በመጠላለፉ ነው። የገላችን ሽፋን ሕዋሳትም እንዲሁ ኢ-ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን እርስ በርሳቸው ተያይዘው፣ ከሥራቸው በተነጠፈ ስስ ገበር ላይ ይቆማሉ። በዚህ ሽፋን ላይ የበቀለ ዕጢ ወራሪ ካንሰር የሚባለው ገበሩን ጥሶ ሲወጣ ነው፤ አስፈሪነቱም ከመጠኑ ይልቅ በዚህ ወረራው ነው።

ወረራውን የሚገቱ ፕሮቲኖች አሉ። ፒ53 የታወቀው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አሥር ዓመት ያህል ዕጢን የሚያበረታታ መስሎ ሲወቀስ ኖሯል። ሥራው ግን ተቃራኒው ነው፤ የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ ያቆመዋል፣ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነም ራሱን እንዲያጠፋ ያዝዘዋል። የኢ-ካድሄሪንን ምርት የሚያፍኑ ፕሮቲኖችንም ስለሚገታ የሕዋሳቱ ትስስር እንዳይላላ ይረዳል። አርቢ የተባለው ደግሞ የመከፋፈልን በር ይዞ የሚቆም ዘበኛ ነው።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማሕፀን በር ካንሰር የእነዚህን ጠባቂዎች ውድቀት አጉልቶ ያሳያል። መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ መሆኑን ያስረዳው ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቫይረሱ ኢ6 በተባለ ፕሮቲኑ ፒ53ን ያስጠፋል፤ በኢ7 አርቢን ያሰናክላል። (እዚህ ላይ የአጥሩ ምሳሌ ይጎድላል፤ በመጨረሻ አጥሩን የሚጥሰው የቤቱ ልጅ ነውና። ገበሩ የሚሟሟው ሕዋሱ ራሱ በሚሳተፍበት የኢንዛይም ሥራ ነው።)

ይሁን እንጂ ዘበኞቹ በወደቁ ማግስት አጥሩ አይፈርስም። አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያልፋል። በዚህ መካከል የሠለጠነች ነርስ የማሕፀኑን በር በተበረዘ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በአቸቶ ዓይነት ፈሳሽ ብትቀባው፣ የተለወጠው ስፍራ ይነጣል፤ ገበሩን ሳይጥስም በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይወገዳል። ለመሐንዲስ ጆሮ ተራ መሣሪያ ይመስላል፤ ተራነቱ ግን ሊያስንቀው አይገባም። ገበሩ ከተጣሰ በኋላ ያለው ቀዶ ጥገና፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ ነው፤ ይህም ለጥሊሊ ሴት ረጅም ጉዞ ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ክትባቱ 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ክትባቱ በሚከላከላቸው የቫይረሱ ዓይነቶች በኩል ኢ6 ወደ ሕዋሷ መግቢያ ስለሚያጣ፣ የልጅቱ ፒ53 በቦታው ይቆያል። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ለሆነው እናቷ ግን የቀራት ያው የአቸቶው ምርመራ ነው።