በረንዳው ጌጥ ነውን? የራስ ብሩ ቤትና ካዛንቺስ



ከመስቀል አደባባይ በላይ፣ ከፍታው ላይ የቆመው የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ነበር። የከተማዋ መቶኛ ዓመት በ1979 ዓ.ም. ሲከበር ሙዚየም ሆነ። ጎብኚው በረንዳውን አይቶ «እንዴት ያለ ጌጥ!» ይላል። እኔ ይህን ቃል አልወደውም።

የዚያ ዘመን የመኳንንት ቤቶች በአገሬው፣ በሕንድና በአርመን ባለሙያዎች እጅ ከድንጋይ፣ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። የጭቃ ጠላቱ የክረምት ዝናብ ነው። ስለዚህ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፤ እሱን የሚሸከም ምሰሶ ይቆማል፤ በግድግዳውና በምሰሶው መካከል የቀረው ቦታ በረንዳ ይሆናል። አናጢው መደገፊያውን የሚፈለፍለው፣ የጣሪያውን ጠርዝ እንደ ዳንቴል የሚቀርጸው ከዚህ በኋላ ነው። ጌታው ደግሞ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል፣ ጉዳይ ይሰማል፣ ግቢውን ይቃኛል። ግቢ የሌለው በረንዳ ምኑን ይቃኛል?

ይህን ብልሃት ባላባቱ ብቻውን አልያዘውም፤ ወደ ተራው ሰው ቤትም ወርዷል። ካዛንቺስን የማነሣው ለዚህ ነው። ስሟ በወረራው ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት የ«ካዛ ኢንቺስ» ቤቶች የመጣ ነው፤ በቪላዎቹ ዙሪያ ግን ከሁለት ርምጃ የማይሰፋ በረንዳ ያላቸው የጭቃ ቤቶች በቀሉ። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እነዚህን ማንም በቅርስነት አልቆጠራቸውም። የባለማዕረጉን ቤት ነጥለን በማትረፋችን ብቻ ቅርስ ጠበቅን ለማለት እኔ አልደፍርም።

ተማሪዎቼን የምጠይቀው ሜትር ይዘው እንዲወጡ ነው። በቂርቆስ የቀሩትን ትንንሽ በረንዳዎች፣ የምሰሶውን ርቀትና የጣሪያውን ውጣት ሳይቀር፣ ለክተው ይሣሉ፤ ከመጪው ክረምት በፊት።